ፓስፖርት የማይወስድ ሆቴል

የወርቅውሃ ሄይዋርድ ከተማ ከምትሠራበት መጋዘን ዕረፍት ወስዳለች። ልጇ ሳሌም ቆጵሮስ ወስዳ ልታዝናናት ሆቴል እያስመረጠቻት ነው። ደሴቷ ከቤይሩት ማዶ መሆኗን ካርታው ላይ ካየች ወዲህ ግን ልቧ ድው ድው ይላል። ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ማዳሟ ፓስፖርቷን ሦስት ዓመት ይዛባት ነበር።

«ይሄኛው ባሕሩ ፊት ለፊት ነው፣ ማሚ።»

«ባሕሩ ገደል ይግባ! ፓስፖርት ይወስዳሉ?»

«ቼክ ኢን ስናደርግ፣ ለአንድ ደቂቃ።»

«ይቅርብኝ። ሌላ አሳዪኝ።»

«እሺ፣ ይሄ አፓርታማ ነው። ፓስፖርት የሚጠይቅሽ የለም።»

የወርቅውሃ ስልኩን ተቀብላ የበሩን ፎቶ ዙም አደረገችው።

«በሩ ከውስጥ ይከፈታል?»

ሳሌም ሳቀች። «ማሚ፣ ከውስጥ የማይከፈት የማን ቤት ነው?»

«እኔ የነበርኩበት» አለች የወርቅውሃ።