ፍሪጅ ሠሪው የፖሊስ ልብስ የለበሰ ዕለት

በእኛ መንገድ ፍሪጅ የተበላሸበት ሰው የሚጠራው ዶን አርሴሲዮን ነው። ጥሩ ሠሪ ስለሆነ አይምሰላችሁ። ድሮ የሱቄን ፍሪጅ መጀመሪያ ሲጠግንልኝ ወተቱ ሁሉ ድንጋይ ሆኖ አደረ፤ ደግሞ ሲጠግንልኝ እጀታውን የያዘ ደንበኛ ሁሉ እየተነዘረ «ኖኤሊያ፣ ቢራ ልትሸጪልን ነው ወይስ ልትፈጂን?» ይለኝ ጀመር። ነገር ግን ሰውዬው ሲጠሩት ይመጣል፣ ዋጋው አይጎዳም፣ ሲሰድቡት አይመልስም። እንዲህ ያለውን ሰው ማባረር ደግሞ ይከብዳል። እኛም ታገሥን፣ እሱም ከጊዜ ብዛት ለመደ፤ ዛሬ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደህና ባለሙያ ወጥቶታል።

ቀጭን ነው፤ ሲቀመጥ ቀጥ ይላል፤ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ነው። ወሬ አያበዛም፤ ሚስቱ ፋቢዮላ የሱንም ድርሻ ጨምራ ታወራለች። ከሰዓት በኋላ ሱቄ ደጃፍ ካለችው ጠረጴዛ ከዶን ሂልዳርዶ ጋር ዶሚኖ ይጫወታል። ሂልዳርዶ ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊቱ የሚኖር ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ድምፁ ግን አሁንም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ይሰማል።

«ጣል እንጂ አንተ ሰውዬ! ጠጠሩን እንደ ዶሮ ታቅፈኸው ልትውል ነው?» ይለዋል።

«ቸኩሎ አውቶቡሱን ገደል የከተተው ማን ነበር?» ይላል አርሴሲዮ፣ ቀስ ብሎ።

«ገደል አይደለም፣ ቦይ ነው! ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

ይህ ዘወትር ነው። አንድ ቀን ካልተሰዳደቡ አንዳቸው ታመዋል ማለት ነው።

ሂልዳርዶ ዱቤርኔይ የሚባል አንድ ልጅ ነበረው። ያ ስሙ ዓለምን ያዳረሰ የኮኬይን ነጋዴ ከመንግሥት ጋር ጦርነት የገጠመ ጊዜ፣ በከተማችን በሜዴሊን የፖሊስ ነፍስ ዋጋ ወጥቶላት ነበር፤ ፖሊስ የገደለ ልጅ ከነጋዴው ሰዎች ሄዶ ዋጋውን ይቀበላል። የመንገዳችን ልጆች ትምህርታቸውን እየጣሉ ሞተር ብስክሌት ላይ ወጡ። አንዱ ይነዳል፣ ከኋላ የተፈናጠጠው ይተኩሳል። ዱቤርኔይም ወጣ። አባቱ ለመነው፣ ገረፈው፣ በር ቆለፈበት፤ አልሆነም። አንድ ቀን ከላይ ከተራራው ሠፈር፣ ከፖሊስ ጋር ሲታኮሱ፣ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ፤ ሂልዳርዶ ሬሳውን ያገኘው ሆስፒታል ነው። ከዚያ ወዲህ የልጁን ስም አንስቶ አያውቅም፤ እኛም አንስተንበት አናውቅም። ያ ዘመን ለሠፈራችን ያስተማረው ነገር ቢኖር ዝም አይነቅዝም የሚለውን ነው።

ይህን ሁሉ ቀብረን ተቀምጠን ሳለን ነው እንግዲህ የቴሌቪዥን ሰዎች የመጡት። ስለዚያ ጦርነት ተከታታይ ድራማ እየሠሩ ነበር። መንገዳችን ከድሮው ብዙም ስላልተለወጠ ወደዱት። ያልተለወጠው የሚያድሰው አጥቶ ነው፤ እነሱ ግን «ምን ያምራል!» አሉ። የዛሬዎቹን መኪኖች አስነሥተው አሮጌዎቹን ደረደሩ፤ የሱቄን ማስታወቂያ አውርደው የዛገ ሰቀሉ። ነጋዴውን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ከመኪናው ሲወርድ፣ ዶኛ ኤልቪራ የምትባለው አሮጊት እጁን ሳመችና «ጌታዬ፣ ያኔ ቃል የገቡልኝ የጣሪያ ቆርቆሮስ?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ከዋና ከተማው ከቦጎታ የመጣ ነው፤ ነገሩ ሳይገባው አብሯት ፎቶ ተነሣ።

ማኑዌላ የምትባል ለግላጋ ልጅ ለድራማው ከሠፈሩ ሰው ትመርጥ ነበር። ሁለቱ ዶሚኖ ሲጫወቱ አይታ ቆመች።

«ዶን፣ እርስዎ ፖሊስ ቢሆኑልኝስ?» አለችው አርሴሲዮን። «ከቤትዎ ወጥተው እስከ ጥጉ ድረስ ይሄዳሉ፤ እዚያ በሞተር መጥተው ይገድሉዎታል። ሌላ ሥራ የለውም።»

«ተይው እሱን!» አለ ሂልዳርዶ ቀልጠፍ ብሎ። «እሱ መሞት እንኳ አይችልም። እኔን ውሰጂ፤ አሪፍ ሬሳ ይወጣኛል።»

ቀናበት ብዬ ሳቅሁ። ማኑዌላም ሳቀች፣ ግን ዓይኗን ከአርሴሲዮ አልነቀለችም። እሱ ጠጠሩን በጣቱ ሲያገላብጥ ቆየና «እሺ» አለ።

ፋቢዮላ ስትሰማ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ሱቅ ድረስ መጣች። «አንተ ሰው አብደሃል? በገዛ ደጃፍህ? ሰው እያየህ?» አለችው። እኔ ባሏ ለጨዋታም ቢሆን መሞቱ ሟርት መስሏት ነው ብዬ አሰብኩ። «ድራማ ነው፤ ማን ምን ይላል?» አላት፣ እሷን ሳያይ።

ቀረጻው ማለዳ ነበር። የመንገዱ ሰው ሁሉ ከተዘረጋው ገመድ ወዲህ ተደርድሯል፤ ሂልዳርዶም ሱቄ ደጃፍ፣ ከቢራ ሣጥኖቹ አጠገብ ቆሟል። በሩ ተከፈተና አርሴሲዮ በፖሊስ ልብስ ወጣ።

«ውይ አርሴሲዮ፣ በልክህ ያሰፉልህ ነው የሚመስለው!» አልኩ።

አልሳቀም። ደፉ ላይ ቆመ። ወደ ጣሪያዎቹ ቀና ብሎ አየ፣ ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ ከዚያ ቶሎ ብሎ መንገዱን ተሻገረና ግድግዳ ታክኮ መሄድ ጀመረ።

«አቁሙ!» ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ። «አባት፣ እርስዎ እንደሚሞቱ አያውቁም እኮ! ደስ ብሎዎት፣ በመሐል መንገድ፣ ዝም ብለው ይሂዱ።»

አርሴሲዮ ተመለሰ። ወጣ። ጣሪያ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግድግዳ። እንደገና መለሱት፤ እንደገና ያው ሆነ።

«እግሬ እምቢ አለኝ» አለ፣ ላብ አጥምቆት።

ዳይሬክተሩ ትዕግሥቱ አለቀ መሰለኝ፣ ለሞተር ነጂው በእጁ ምልክት ሰጠው። አርሴሲዮ ገና ሱቄ አጠገብ ሲደርስ፣ ሁለት የተፈናጠጡበት ሞተር ከጥጉ እያጓራ ብቅ አለ። ከዚያ የሆነውን ዓይኔ አየ እንጂ አእምሮዬ አልተከተለውም። አርሴሲዮ ሂልዳርዶን አንገቱን አንቆ ከሣጥኖቹ ኋላ ጣለው፤ በላዩ ተኛበት፤ የውሸት ሽጉጡን መዝዞ፣ በሁለት እጁ ደግፎ፣ ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ ደረት ላይ አነጣጠረ።

«ድንቅ ነው!» አለ ዳይሬክተሩ እያጨበጨበ። «ከየት የተማሩት ትወና ነው?»

ከመንገዳችን ሰው ግን ያጨበጨበ የለም። ያንን ዘመን በዚህ መንገድ ያሳለፍን ሰዎች ነን፤ እንደዚያ የሚወድቅ፣ እንደዚያ የሚመዝዝ ሰው ምን እንደነበረ ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገንም። ሂልዳርዶ ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ማንንም ሳያይ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ።

በማግሥቱ ፋቢዮላ እንቁላል ልትገዛ መጣችና ሆዷን ዘረገፈችልኝ። ባሏ እዚህ ሲገቡ ፖሊስ ነበር። ለፖሊስ ቤት የሚያከራይ አልነበረምና ፍሪጅ ሠሪ ነኝ አለ፤ የሚስቱ ወንድም ጎረቤት ከተማ ኢታጉዊ ውስጥ ፍሪጅ ሠሪ ስለነበር የመጣለት ውሸት ያ ነው። በሲቪል ልብስ ወጥቶ ጣቢያ ሲደርስ የፖሊሱን ይለብሳል። የሚታጠበውን ልብስ ፋቢዮላ መስኮት ዘግታ መኝታ ቤት ውስጥ ታሰጣለች። ታዲያ ሠፈርተኛው ፍሪጁን እየተሸከመ ይመጣበት ጀመር። ምን ያድርግ? በዕረፍቱ ቀን ለወንድሟ ይወስድለታል፤ የጎደለውን እሱ ራሱ ይነካካል፤ እንዲህ እያለ ውሸቱን ሊጠብቅ ሲል አንድ ሙሉ ሙያ ተማረ።

«ስንት ዓመት ያገለገለበትን ልብስ አንድ ቀን ለብሶ በበሩ ወጥቶ አያውቅም» አለችኝ። «‹አንድ ጊዜ፣ በቀን ብርሃን ለብሼው ልውጣ› አለኝ። ድራማ ነው ብሎ እኮ ነው።»

አሳዘነኝ። ደግሞም ተናደድኩበት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የሱ ደግሞ ከእጁ ነው ያመለጠው። የፖሊስነቱን ነገር መንገዱ ሊረሳለት ይችል ይሆናል፤ ልጁን ፖሊስ የገደለበት ሂልዳርዶ ግን እንዴት ብሎ? አርሴሲዮ በዚህ ዓለም ላይ ከፋቢዮላ ሌላ ያለው ሰው እሱ ብቻ ነው። በየቀኑ ብቻውን ሱቄ ደጃፍ መጥቶ ይቀመጣል፣ ጠጠሩን ይበትናል፣ ይሰበስባል። የሂልዳርዶ በር አይከፈትም። «ሂድና አንኳኳ» አልኩት። «ምን ብዬ?» አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሂልዳርዶ መጣ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ጠጠሮቹን አልነካም። እኔ ከባንኮኒው ኋላ እንቁላል የምደረድር መስዬ ቆምኩ፤ ጆሮዬን ግን አልደፈንኩም።

«ፖሊስ መሆንህን አሁን ያወቅሁ መስሎህ ነው?» አለው።

አርሴሲዮ ቀና አለ።

«ጎህ ሳይቀድ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ አንድ መፍቻ ሳይዝ የሚወጣ ፍሪጅ ሠሪ የት አገር አለ? እኔ ሹፌር ነኝ፤ በዚያ ሰዓት ማን ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። አንድ ቀን ዱቤርኔይ ‹አባዬ፣ ይሄ ፊት ለፊት የገባው ሰውዬ እውነት ፍሪጅ ሠሪ ነው?› አለኝ። ጉድ ፈላ አልኩ። በማግሥቱ የፍሪጄን ገመድ በቢላ ቆረጥኩና በቀትር ተሸክሜ፣ ሰው ሁሉ እያየ አመጣሁልህ። ‹ጎበዝ ሠሪ ነው!› እያልኩ በየበሩ ለፈፍኩ። ልጄም ሁለተኛ አልጠየቀኝ።»

«እኔ እኮ... አይጥ የበላው ገመድ መስሎኝ ነበር።»

«አይጥ! ደሞ ጠግነህ ስትመልሰው ጭራሽ ሞቶ ነው የመጣው፣ አንተ ደነዝ!»

አርሴሲዮ ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አፉ ተጣመመ። ሂልዳርዶ ግን አልሳቀም።

«አንተም ዋሸኸኝ፣ እኔም ዋሸሁህ፤ በዚያ እኩል ነን» አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ከቤት ሳልወጣ የሰነበትኩት ይህን ለመጠየቅ አቅም እስካገኝ ነው። ልጄ የሞተ ቀን የት ነበርክ?»

ዋሽ አልኩ በልቤ። ጣቢያ ነበርኩ በለው፣ ታምሜ ነበር በለው፣ ማንም አያጣራህም፣ ዋሽ እንጂ!

«እዚያው ነበርኩ» አለ አርሴሲዮ።

ሂልዳርዶ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ።

«አልተኮስኩም። እኔን ያቆሙኝ ታች መንገድ እንድዘጋ ነው። ተኩሱ ሲያበቃ ሬሳ አንሡ ብለው ላኩን። ደረጃው ላይ አገኘሁት። ገና አልሞተም ነበር። አወቀኝ። ‹ዶን አርሴሲዮ፣ እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ?› አለኝ። ቁጣ አልነበረውም፣ ገርሞት ነው። ራሱን ጭኔ ላይ አስተኛሁት። መኪና ጥሩ አልኩ፤ መኪናው ቆየ። ‹አይሂዱ› አለኝ፤ አልሄድኩም። ‹አባቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ገብቶ ይተኛ በሉልኝ› አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። እጁ እጄ ውስጥ ነበር።»

ሂልዳርዶ ብድግ ሲል ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ ጠጠሩ እስከ መንገዱ ተበተነ።

«እና ይህን ሆድህ ውስጥ ይዘህ ነው ፊቴ ተቀምጠህ ዶሚኖ ስትጥል የኖርከው? እኔ እንደ ውሻ ብቻውን ደረጃ ላይ የሞተ መስሎኝ! ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር! ብቻውን!»

«ብነግርህ እኔ ማን እንደሆንኩ...»

«ዝም በል!»

አርሴሲዮ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጠ። ሂልዳርዶ ወንበሩ ላይ ወደቀና ጮክ ብሎ አለቀሰ፤ ልጁን በቀበረ ዕለት እንኳ እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁትም። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

«ብቻውን አልነበረም» አለ በመጨረሻ፣ ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ።

«አልነበረም።»

«አንተ ነበርክ።»

«እኔ ነበርኩ።»

ሂልዳርዶ ወንበሩን ወደ አርሴሲዮ አስጠጋ።

«እንደገና ንገረኝ» አለው። «ቀስ ብለህ። መጀመሪያ ሲያይህ ምን አለ?»

አርሴሲዮም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረው።