የሦስት ሰዓቱ ጨረታ

ሞያሌ ላይ ሱፍ ለብሶ የሚታይ ሰው ወይ ሙሽራ ነው ወይ ድምፅ ለማኝ ፖለቲከኛ ነው። እኔ ሁለቱንም አልነበርኩም። ከኢትዮጵያ የሚገቡ የጭነት መኪኖችን ወረቀት በኬንያ በኩል የማስጨርስ፣ ሄሉ የሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር፣ አርባን የተሻገርኩ ወንደላጤ ነበርኩ። እሁድ እሁድ ታዲያ ሱፌን ከነሰደሪያው ለብሼ፣ ከረባቴን አስሬ፣ በዚያ ቀይ አቧራ እስከ ኬላው ድረስ እሄድና እመለሳለሁ። ሾፌሮቹ መኪናቸው ጥላ ሥር ጋደም ብለው፣ «ዛሬ ደግሞ ማንን ልትድር ነው?» ይሉኛል። «አንተን ነበር፣ የምትወስድህ ጠፋች» እላለሁ። ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ ሱፉን አወልቅና ሰቅዬ አልጋዬ ላይ እቀመጣለሁ። እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ የማናግረው ሰው የለም።

ሱፍ መውደድ የጀመርኩት ዲላ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ሳለሁ ነው። ካውያ የያዘን ሰው ጨርቅ አይዋሸውም። የአሁኑ ኮት ደረቱ በሙጫ የተለጠፈ ስለሆነ ሁለቴ ሲታጠብ ያብጣል። የድሮው ግን በእጅ የተሰፋ ነው፤ ውሎ ሲያድር የባለቤቱን ትከሻ ይለምዳል። ኮት ሳገኝ መጀመሪያ የማየው ገበሩን ነው። ፊቱን ማንም ያሳምራል፣ ጉዱ ያለው ውስጡ ነው።

ሞባይል ገና በየሰው እጅ መግባት በጀመረበት ሰሞን ከቢሯችን አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ተከፈተ። ባለቤቱ ናይሮቢ ኮምፒውተር የተማረ የቦረና ሰው ነው። አማርኛውን ያገኘው ከሾፌሮች ስለሆነ ግማሹ ስድብ ነበር። ፈረንጆች አሮጌ ዕቃቸውን በጨረታ የሚሸጡበትን ገጽ ያሳየኝ እሱ ነው። እኔ የድሮ ሱፍ ብቻ እያሳደድኩ መሆኔን ሲያይ ግን ተጸጸተ። «ብዋና፣ ሚቱምባ እዚህ ገበያ ላይ ተከምሯል፤ አንተ ልባሽ ጨርቅ ለመግዛት እንግሊዝ ድረስ ትሄዳለህ?» አለኝ። ብዋና በስዋሂሊ ጌታው ማለት ነው፤ የእሱ ግን ጤና የለህም ማለቱ ነው። ብዙም አልተሳሳተም።

አንድ ቀን ቡናማ ባለሰደሪያ ሱፍ አየሁና ተጫረትኩ፣ አሸነፍኩም። ክፍያውን ናይሮቢ ያለው ቢሯችን በካርድ ፈጸመልኝ፤ ጥቅሉም በእነሱ ፖስታ ሳጥን ገብቶ በጭነት መኪና መጣልኝ። ሻጯ እንግሊዝ አገር ያሉ አሮጊት ናቸው፣ ሱፉ የሟች ባላቸው ነበር። ሟቹ እንደኔ ቀጭንና ክንዳቸው የረዘመ ነበሩ መሰለኝ፣ መርፌ ሳይነካው ልክክ አለልኝ። ሾፌሮቹ «የሬሳ ልብስ» ብለው ተጸየፉት። ከሳምንት በኋላ ከሻጯ መልእክት መጣ፦ ደረሰህ ወይ፣ ልክህስ ሆነ ወይ የሚል። ሁለት መስመር ነው። እኔ ግን ኮምፒውተሩ ፊት ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት ልክህ ሆነ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ማን እንደነበር ማስታወስ አቃተኝ።

መልስ ስጽፍ ትልቅን ሰው በባዶ ስሙ መጥራት ነውር ሆነብኝና በእንግሊዝኛ «ውድ እናቴ» ብዬ ጀመርኩ። እሳቸውም እንዲህ ብለው መለሱ፦ «እኔና ባሌ ልጅ አልነበረንም። እናቴ ብሎ የጻፈልኝ ሰው የለም። ስህተት ከሆነም እባክህ አታርመው።»

ከዚያ በኋላ የባላቸውን ሱፎች አንድ በአንድ ያወጣሉ፣ እኔ እገዛለሁ። ከእያንዳንዱ ሱፍ ጋር ወሬ ይመጣል። ይህኛውን ለብሶ ጡረታ ወጣ፣ በዚያኛው ኪስ ሁልጊዜ ከረሜላ ይይዝ ነበር ይሉኛል። እኔም ስለ ሞያሌ እጽፍላቸዋለሁ፤ ዝናቡ ስለ መቅረቱ፣ ውሃ በአህያ ተጭኖ ስለ መምጣቱ። እሁድ እሁድ የባላቸውን ሱፍ ለብሼ እንደምዞርም ነገርኳቸው፤ ብቻዬን መሆኔን ግን አልነገርኳቸውም። እውነቱን ለመናገር ከሦስተኛው በኋላ ሱፍ በቅቶኝ ነበር። የምገዛው ወሬውን ነው።

ጨረታ ላይ የራሴ ዘዴ ነበረኝ። እዚህ የከብት ደላሎች ዋጋ የሚነጋገሩት እጃቸውን ጨርቅ ውስጥ ከትተው በጣት ነው፤ ፍላጎቱን ቀድሞ ያሳየ ይከስራል። እኔም ሌላው እንደኔ አድፍጦ ይሆናል እያልኩ የመጨረሻዋ ደቂቃ እስክትደርስ ድምፄን አጥፍቼ እጠብቃለሁ። እሳቸው ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንቅልፍ ስለማይወስዳቸው ልብሱን የሚለጥፉት ጎህ ሲቀድ ነው፤ ከቀናት በኋላ ጨረታው የሚዘጋውም በዚያው ሰዓት ነው። በእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይሆናል። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ቢሮዬን ጥዬ ኢንተርኔት ቤት እገባለሁ።

አንድ ሰሞን እንዲህ ጻፉልኝ፦ «የቀረኝ ግራጫው ብቻ ነው፣ የተጋባንበት። ከእሱ በኋላ ቤቴን ለቅቄ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት እገባለሁ። ኮምፒውተሩን ይዤው አልሄድም።» ግራጫውን ገዝቼ የአዲሱን ቤት አድራሻ ልጠይቃቸው ቆረጥኩ፤ ከእንግዲህ ያለ ሱፍም እንጻጻፍ ልላቸው። «ታዲያ አሁኑኑ ለምን አትጠይቃቸውም?» አለኝ ባለ ኢንተርኔት ቤቱ። ባዶ እጁን የሰው በር የሚያንኳኳ ማን አለ? ይሉኝታ ያዘኝ። መጀመሪያ ልግዛ፣ ከዚያ እጠይቃለሁ አልኩ።

ጨረታው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ዳበል የምትባል መንደር ከብት ሊጭን የሄደ መኪናችን ባሌስትራው ተሰበረ። መለዋወጫውን ይዤ እንድሄድ ታዘዝኩ፤ በዚያ በኩል ስልክ የሚባል አይሠራም። እየተጣደፍኩ ኢንተርኔት ቤቱ ስገባ ባለቤቱ በስልክ ከሰው ጋር ይጨቃጨቃል። የይለፍ ቃሌንና የምሰጠውን ዋጋ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት፣ ከሥሩም «ነገ 3» አልኩበት። «ቀድመህ እንዳትገባ፣ ሰው ያይብናል» ብዬ በጆሮው ነግሬው ወጣሁ። ስልኩን ሳይለቅ ራሱን ነቀነቀልኝ።

እኛ እዚህ በአማርኛ ተናገርን፣ በቦረንኛ ተናገርን፣ በስዋሂሊ ተናገርን፣ ሰዓታችን አንድ ነው። በአፌ ጠዋት ሦስት ሰዓት ብዬው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያለቀ ነበር። እኔ ግን በቁጥር ጻፍኩት። ለእሱ ደግሞ ቁጥር ማለት ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ያለው የፈረንጅ ሰዓት ነው። የእኛ ሦስት ሰዓት ሲደርስ እዚያ ላይ የሚነበበው ዘጠኝ ነበርና አርፎ ሥራውን ሠራ። ኮምፒውተሩ ሦስት ሲልለት፣ ማለትም በእኛ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገጹን ቢከፍት ጨረታው ከተዘጋ ስድስት ሰዓት ሆኖታል።

በጨረታው ማግስት ከዳበል ተመልሼ ከነአቧራዬ ስገባ ቆሞ ተቀበለኝ። «ፖሌ ብዋና፣ ፖሌ ሳና» አለኝ፣ በስዋሂሊ ማዘኑን ሲገልጽ። ወረቀቴን አወጣ። «ሦስት አላልክም? በሦስት ከፈትኩት፣ ተዘግቷል» አለ። ማን ወሰደብኝ ብዬ ገጹን ሳይ ማንም አልገዛውም፤ አንድም ተጫራች የለበትም። ከሥሩ የእሳቸው መልእክት አለ፦

«ልጄ፣ ዛሬ ማለዳ ሻይዬን ይዤ ጠበቅሁህ። ለእነዚህ ልብሶች ሌላ ሰው ተጫርቶ አያውቅም። ሁልጊዜ አንተ ብቻ ነህ፣ ሁልጊዜም በመጨረሻዋ ደቂቃ። ያቺን ደቂቃ እወዳት ነበር። ዛሬ ሳትመጣ ሲዘጋ፣ በቃ ሰለቸው አልኩ። አልፈርድብህም፣ የአሮጊት ወሬ ይሰለቻል። ሱፉን ለበጎ አድራጎት ሱቅ ሰጠሁት። ነገ ከቤቴ እወጣለሁ። ደህና ሁንልኝ።»

ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን መልስ ጻፍን። በእኛ አገር ሰዓት የሚቆጠረው ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ነው፣ የእኛ ሦስት በኮምፒውተር ዘጠኝ ነው፣ ወዳጄ ጽሑፌን ያነበበው በኮምፒውተሩ ሰዓት ነው እያልን። እንግሊዝኛችን አልበቃን ሲል ባለ ኢንተርኔት ቤቱ የሰዓት ሥዕል ሠርቶ አያያዘበት። መጨረሻው ላይ፣ «እንዴት ይሰለቸኛል፣ እናቴ?» ብዬ ጨመርኩ። መልስ አልመጣም። በጥቅሎቹ ጀርባ ላይ በነበረው አድራሻም ደብዳቤ ላክሁ፤ ከወራት በኋላ እዚህ ቤት የሉም ተብሎ ተመለሰልኝ። ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ቢኖሩም የሚያውቁት፣ ጠብቀውኝ እንዳልመጣሁ ብቻ ነው።