በእባቡ ማሰሮ ውስጥ ያፈሰስኩት ጠበል

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጥቃቅኑን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህችን እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገር፤ እንደፈለጋችሁ ፍረዱብኝ።

ያኔ ደርግ ገና አልወደቀም። እኔና ልጄ ሰብለ ሄግ ከተማ፣ ትራንስቫል ሠፈር እንኖር ነበር። እኔ ቢሮ አጸዳለሁ፣ እሷ ትማራለች። ከእኛ ሥር፣ ምድር ቤት፣ ሮሳ የምትባል የጓቲማላ ሴት ነበረች፤ እንደኛው ከጦርነት የሸሸች። ማሰሮ በእጇ ታበጅና ጭቃው ጠንከር ሲል፣ ገና ሳይደርቅ፣ በስለት ትቀርጸዋለች። ቅርጹ ማያ የሚባሉት የጥንት አያቶቿ ይሠሩት የነበረው ነው። ሰብለን ወደደቻትና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታስተምራት ጀመር።

ልጄ እጇ ጭቃ ሆኖ እየሳቀች ስትመጣ እኔ ምን ሆንኩ? አፈርኩ። ባደግኩበት አገር ሸክላ ሠሪ ቡዳ ይባላል፤ ከቤቱ እሳት አይጫርም፣ ልጅ አይዳርለትም። ጎረቤታችን እትዬ ለተብርሃን፣ የአስመራዋ፣ ደረጃው ላይ አግኝተውኝ «አንቺ፣ ልጅሽ ሸክላ ሠሪ ሆነች አሉ! እንግዲህ ድስት ከአገር ቤት አናስመጣማ!» ብለው ሳቁ። ቀልዳቸውን ነው። እኔ ግን ያን ቀን ምግብ አልበላሁም።

ከዚያ ሰብለ የመጀመሪያ ትልቅ ማሰሮዋን ሳሎን ማሞቂያው አጠገብ ልታደርቅ አመጣችው። አፉን የከፈተ እባብ ተጠምጥሞበታል፤ ከእባቡ አፍ የሰው ፊት ብቅ ይላል። ምንድን ነው ብላት «ሮሳ የአያቶች መንፈስ ነው ትላለች» አለችኝ። እባብ! መንፈስ! በእኔ ቤት!

«እማዬ፣ ሥዕል እኮ ነው! ደግሞ እንዳትነኪው።»

ነካሁት። ደርቆ ወደ ሮሳ መተኮሻ ምድጃ በሚሄድበት ጠዋት፣ ሰብለ ስትታጠብ፣ ከአገር ቤት የመጣልኝን ጠበል በማሰሮው ጠባብ አፍ ውስጥ አፈሰስኩ። ረጨሁ አልልም፤ አፈሰስኩ። ወፍራሙ ጭቃ እንደተጠማ ሰው ጠጣው፤ ከውጭ ምንም አያስታውቅም። ያልተተኮሰ ሸክላ ውኃ ይዞ እሳት ከገባ እንደሚፈነዳ አላውቅም ነበር። ይህ እውነት ነው። የሚከተለውን ግን አውቄ አደረግሁት።

ማሰሮው ፈነዳ። ሮሳ ሮተርዳም ለኤግዚቢሽን ልትወስዳቸው ክረምቱን ሙሉ የለፋችባቸውን ማሰሮዎች ከጎኑ እንዳሉ ሰባበራቸው። ስንወርድ ሮሳ ስብርባሪውን እየለቀመች ነበር። «ሳይደርቅ አመጣሽው፤ ቸኮልሽ» አለቻት። ሰብለ ደርቋል ብላ ማለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ ንገሪያት እንጂ! ሳሎናችን ነው የደረቀው፣ አይተሻል አይደል?»

ምን አልኩ? በተሰባበረ ሆላንድኛዬ፣ ሮሳ እንድትሰማኝ «እኔ ስለ ሸክላ ምን አውቃለሁ?» አልኩ። ልጄ ምስክር አድርጋ ብትጠራኝ ካድኳት። እኔ ነኝ ማለት እንዴት አቃተኝ?

ሮሳ አላባረረቻትም። ሰብለ ራሷ መሄድ ተወች። ሮሳም በኋላ አምስተርዳም፣ ኖርድ የሚባል ሠፈር ገባች ሲባል ሰማሁ፤ ሄጄ አልፈለግኋትም።

ባዕድ አምልኮ ፈርቼ ነው ልል እችላለሁ። አዎ፣ ጠበሉን ያፈሰስኩት ፈርቼ ነው። ዝም ያልኩት ግን ፈርቼ አይደለም። ልጄ ሸክላ ሠሪ ከመሆን ዳነችልኝ ብዬ ነው። እቅፌ ውስጥ ስታለቅስ እኔ በሆዴ ተመስገን እል ነበር። እንዲህ ያለች እናት ምን ትባላለች?

ሰብለ ዛሬ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ትሠራለች። ስለ ሸክላ ከተነሳ «እጄ አይሆንም፤ ችኩል ነኝ» ትላለች። ያ እጅ ምን አጠፋ? ያጠፋው የእኔ ነው! እሑድ እሑድ ምሳ ልትበላ ትመጣለች። ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። ዛሬስ እናገራለሁ ብዬ አፌን እከፍትና «ወጥ ልጨምርልሽ?» እላታለሁ። በራሴ እናደዳለሁ፤ ሳህኑን ሳጥብ ከራሴ ጋር እጣላለሁ፤ በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ እደግማለሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። እሷ ሳትሰማ እናንተ ቀድማችሁ መስማታችሁ ግን ሌላ በደል ነው፤ እሱንም እኔው አደረግሁት።