ሁለት ቁልፍ ያለው ሳጥን

ወንድሜ ከመሞቱ በፊት የነበረው ቅዳሜ እንደ ሌላው ቅዳሜ ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ ዝናብ ሲያወርድ አድሮ ጠዋት አቆመ። ወንድሜ የሞተር ብስክሌቱን ሰንሰለት ዘይት ቀባ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ከግድግዳው ምስማር ላይ ቁልፉን አነሣና «ተነሣ፣ እንሂድ» አለኝ። ወደ ሳጥኑ ማለቱ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን እኔ አውቅ ነበር። ጫማዬን ሳስር የቆየሁት ለዚህ ነው።

ወንድሜና ሸሪኩ ለስድስት ዓመት አብረው የመስኖ ፓምፕ ሲጠግኑ ኖረዋል። ሲለያዩ ሸሪኩ ቡሬ ገባ፤ ወንድሜ እዚሁ ቀረ። መፍቻውን፣ ጠረጴዛውን፣ አሮጌውን ቆርቆሮ ሳይቀር ተካፈሉ። የፖስታ ሳጥን ቁጥሩን ግን መካፈል አልቻሉም። ቁጥሩ በሁለቱም ማኅተም ላይ ተቀርጿል። ዕቃ የሚልክላቸውም ሰው የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። የአንዱ ደብዳቤ በሌላው እጅ እየገባ፣ «ደበቅህብኝ»፣ «ከፈትህብኝ» እየተባባሉ ሊካሰሱ ደረሱ። ሽማግሌ ተቀመጠ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሁላችንም አባ የምንላቸው አዛውንት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሙዳየ ምጽዋት ለብዙ ዘመን ሲያስከፍቱ የኖሩ ናቸው። ሙዳዩ ሁለት ቁልፍ አለው። ቁልፎቹ በሁለት ሰው እጅ ናቸው፤ አንዱ በሌለበት ሌላው አይከፍተውም። «ለእናንተም ይኸው ነው» አሉ። በቤታቸው ሁለት ጓጉንቸር ያለው፣ በየቅዳሜው የሚከፈት የእንጨት ሳጥን ተቀመጠ። ከፖስታ ቤት ደብዳቤ እያመጣሁ በሳጥኑ ቀዳዳ የምከት እኔ ሆንሁ። ሁለቱም አምነውኝ ነው። ሸሪኩ «ይሄ ከወንድሙ ይሻላል» ብሎ ስቆ ነበር።

ሐሙስ ዕለት አንድ ፖስታ መጣ። ላዩ ላይ ስም የለበትም፤ የሳጥኑ ቁጥር ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረስሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በዚያው ቁጥር ለአንድ የሙያ ማሠልጠኛ አመልክቼ መልስ ስጠብቅ ከርሜያለሁ። ፖስታ ቤቱ ደጅ ቆሜ ቀደድሁት። የእኔ አልነበረም። ወንድሜ ያዘዘው የፓምፕ ቀበቶ መጋዘን ውስጥ እንደሌለ ይናገራል። ሌላ ምንም የለውም። ቤት ወስጄ በሊጥ አጣበቅሁት። ሊጡ ሲደርቅ ጠርዙን አጨማደደው። እንደዚያው ከተትሁት።

ቅዳሜ አባ ቤት ስንደርስ ሸሪኩ ቀድሞን ተቀምጧል። ሁለቱ በቀጥታ አይነጋገሩም። የሚነጋገሩት በአባ በኩል ነበር።

«አባ፣ ቶሎ ቁልፉን ያውጣ ይበሉልኝ፤ መኪና ያመልጠኛል» አለ ሸሪኩ።

«አባ፣ ምን ያስቸኩለዋል ይበሉልኝ። ፓምፑን ትቶ በርበሬ መነገድ ጀመረ እንዴ?»

«ከእሱ ጥገና በርበሬ ይሻላል ይበሉልኝ። በርበሬስ ቢያንስ ያቃጥላል።»

አባ ሳቁ። «ሁለታችሁም እየሰማችሁ እኔን ምን ታደክሙኛላችሁ?» አሉ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ቁልፎቹ ዞሩ። የወንድሜ ቁልፍ በመጀመሪያው አልዞረም፤ አውጥቶ እንደገና አስገባው።

ፖስታውን ሲያነሣ አውራ ጣቱ ጠርዙ ላይ ቆመ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሸሪኩን ዓይን አየ።

«ከፍተኸዋል።»

«አንዱ ቁልፍ በአንተ እጅ እያለ በየት በኩል?»

«ፖስታ ቤት ሰው አበጅተሃል።»

አባ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ስታመጣው እንዲህ ነበር?»

«አላየሁትም» አልሁ።

ያልሁት ይህን ብቻ ነው። ወንድሜ ፖስታውን ኮቱ ኪስ ከተተ። «ነገ ቡሬ እመጣለሁ። ከቅዳሴ በኋላ በሰፈርህ ሰው ፊት ትምላለህ» አለው። ሸሪኩ ተነሥቶ ጃንጥላውን አነሣ። «ና። ግን መምጣትህን ትጸጸትበታለህ» አለ። በሩ ላይ የነበሩ ጎረቤቶች ሰሙ።

እራት ላይ ልነግረው ነበር። አየኝና «ምን ሆነሃል?» አለ። «ምንም» አልሁት። «ብላ እንግዲህ» አለኝ።

እሑድ በጭጋግ ወጣ። በሩን የከፈትሁለት እኔ ነኝ። የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ቆምሁ። በቡሬ መንገድ ማንኩሳን ሳያልፍ ከጭጋጉ ውስጥ በሬ መንገዱ ላይ ወጣበት። ያዩት ገበሬዎች ይህንኑ ተናገሩ። ሌላ መኪና የለም፤ ሰውም አልነበረም። እዚያው ሞተ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርነው።

ሸሪኩ ቀብሩ ላይ አልመጣም። አጎቴ፣ የአባታችን ወንድም፣ ከጅጋ መጥቷል። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ «ትጸጸትበታለህ ያለው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ነገሩት። ገበሬዎቹ ስለ በሬው ደግመው ተናገሩ። አጎቴ ሰማቸው፤ ራሱን ነቀነቀ። ሰው ሲሳሳ «ነገ በጠዋት ቡሬ ሄጄ እጠይቀዋለሁ» አለ። ሁለት የአጎቴ ልጆች «አብረን እንሄዳለን» አሉ። ምን እንደሚጠይቁት የጠየቀ ሰው የለም። አንዲት ጎረቤታችን ብቻ «ኧረ በእመቤቴ» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ሰኞ ጠዋት አጎቴ ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ወጣ። ልጆቹ ተከተሉት። በሩ ላይ ቆምሁበት።

«አጎቴ፣ ደብዳቤውን የከፈትሁት እኔ ነኝ።»

«የቱን ደብዳቤ?»

ሁሉንም ነገርሁት። ማሠልጠኛውን፣ ሊጡን፣ አባ የጠየቁኝን። እየተንተባተብሁ ነበር።

«ለሽማግሌው ለምን አልተናገርህም?»

«ፈራሁ።»

«ለወንድምህስ?»

ከበሩ ግን አልተንቀሳቀስሁም። አጎቴ የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። አልመታኝም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ዱላውን መሬት ላይ አስተኛ። ልጆቹ ቆመው ቀሩ። «ተቀመጡ» አላቸው። እኔን ዳግም አላየኝም።

ከወንድሜ ኮት ፖስታውን አወጣሁ። ርሶ ደርቋል። የሳጥኑን ቁልፍም ያዝሁና ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ማንኩሳ ስንደርስ ጉልበቴን እያየሁ አለፍሁ።

ቡሬ የሸሪኩ ሱቅ ግማሹ ብቻ ተከፍቷል። መፍቻ ይዞ ቆሟል። ሲያየኝ መጀመሪያ ከኋላዬ ያለውን መንገድ ተመለከተ።

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ፖስታውን ሰጠሁትና ለአጎቴ የነገርሁትን ሁሉ ነገርሁት። ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ። የደረቀው ሊጥ ጣቱ ላይ ተፈረፈረ።

«ይህን እሱ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም።»

«የከፈትሁት እኔ እንደሆንሁ አምኖ ሄደ?»

«አዎ» አልሁት።

መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የሱቁን በር ዘጋ። ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ለቅሶ ያስገቡኛል?» አለኝ።

«አላውቅም፣ ጋሼ። አብሬዎት እገባለሁ።»

ወደ መናኸሪያው ሄድን። እኔ ቀደምሁ።