ቀይ የተቀቡት ጥዶች

የማስተምረው ኮርስ «ዘላቂ የሳይት ማስተር ፕላን» ይባላል። ስሙ አፍ ይሞላል። ሱሉልታ ሄዳችሁ ገበሬ ፊት «ማስተር ፕላን» ብትሉ ግን የሰውየው ፊት ይጠቁራል፤ ለሱ ትርጉሙ አንድ ነው፤ መሬቱን ሊወስድ የመጣ ሰው አለ ማለት ነው።

ያን ሴሚስተር አራተኛ ዓመቶቹን ይዤ የሄድኩት እዚያው ሱሉልታ፣ አንድ ሽማግሌ ይዞታ ላይ ነው። ከላይ ቤታቸውና ነባር ጥዶች፣ ከታች ክረምት ውኃ የሚተኛበት ጨፌ። ጥዶቹ አፈሩን ባይዙት ኖሮ ጨፌው ድሮ በደለል ተሞልቶ ነበር። «አከም ቡልተን፣ አባባ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላምታ ገባሁ። ለትምህርት ብቻ እንደመጣን፣ ከግቢያቸው አንዲት ቅጠል እንደማትነካ ነገርኳቸው።

«እሺ ልጄ፤ እነዚህን ጥዶች ግን አደራ» አሉኝ። «ባለቤቴን የቀበርኩ ዕለት ለቀስተኛው የተቀመጠው በነሱ ጥላ ነው።»

ክፍል ውስጥ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልኩ ነው ተማሪዎቹን በቡድን የማሠራቸው። አፌን በቆረጠው! የኛ ልጆች ከቡድን ሥራ የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ እንደ ቅርጫ ሥጋ መከፋፈል። አንተ መንገድ፣ አንቺ ውኃ፣ እነሱ ዛፍ፣ እሷ ደግሞ ነዋሪውን ታነጋግር። ድርሻውን ያነሳ ሁሉ ወደ ቤቱ።

የሽማግሌው ግቢ የደረሰው ቡድን ጥዶቹ በሙሉ እንዲተርፉ ወሰነ። ለዚህስ እግዜር ይስጣቸው። ወረቀቱ ላይ ዛፉ ምን ዓይነት አረንጓዴ ይሁን እያሉ ሲጨቃጨቁ ጆሮዬ እስኪደነቁር ሰምቻለሁ። ከዚያ ዛፍ የደረሳቸው ሁለት ልጆች ሳይቱ ድረስ ሄደው፣ መትረፍ ያለባቸውን ጥዶች ግንዳቸውን ዙሪያውን ቀቧቸው። በቀይ! እኔ በምኖርበት ቡራዩ ሕፃን ልጅ እንኳ ግንብ ላይ ቀይ ቀለም ካየ ቤቱ ሊፈርስ እንደሆነ ያውቃል። ከሁለቱ አንዱ ደግሞ የሰበታ ልጅ ነው፤ እዚያም የሚፈርስ ቤት የሚቀባው በቀይ ነው፤ ጉድ እኮ ነው! ለሽማግሌው የነገራቸው የለም። ነዋሪ ማነጋገር የሌላዋ ልጅ ድርሻ ነዋ፤ እሷም መጠይቋን ጨርሳ ሳይት መሄድ ትታለች።

ከሳምንት በኋላ ብሄድ ጥድ የለም። ጉቶ ብቻ። ግንዶቹ ከነቀይ ቀለማቸው ተጋድመዋል።

«ምነው አባባ? ለምን ቆረጧቸው?»

«ቀብተዋቸው ሄዱ» አሉኝ። «የፊቱን አጥሬን ለመንገድ ሲቀቡት ዝም ብዬ ነበር፤ ዶዘር መጥቶ ድንጋዩን እንኳ ሳላነሳ ጠረገው። አሁንስ የሌላ ሲሳይ ከሚሆኑ እኔው ልቁረጣቸው አልኩ።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ቀዩ «አይነካ» ማለት ነበር ልል ፈለግሁ፤ ግን ሳልነግራቸው ወጣሁ።

ስቱዲዮ ገብቼ «ማነው የቀባው?» ብዬ ጮህኩ።

«ግሩፑ ነው፣ ቲቸር።»

«ሽማግሌውን ያላነጋገረውስ?»

«እሱ የኛ ፓርት አልነበረም።»

በሉ ዛፎቹን ከወረቀቱ አጥፉ ብላቸው፣ «ሰርቬይ ስናደርግ እኮ ነበሩ» ብለው ድርቅ አሉ። ሥራቸውን ለዳኞች ባቀረቡ ዕለት ጥዶቹን የሚወክሉት አረንጓዴ ክቦች ግድግዳው ላይ አሸብርቀው ዋሉ። እንግዳው ዳኛ ነባር ዛፎችን ያከበረ ሥራ ነው ብሎ አጨበጨበ። አላስቻለኝም፤ ብድግ ብዬ «ዛፎቹ ተቆርጠዋል!» አልኩ። «ቢሆንም ሐሳቡ ጠንካራ ነው» አለ ሌላው ዳኛ፣ ትልቁንም ውጤት ሰጧቸው።

በማግስቱ ብቻዬን ሱሉልታ ተመለስኩ። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ፣ ዱካቸው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ቀዩ ቀለም ጥዶቹ እንዳይነኩ የተደረገ ምልክት እንደነበር ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ።

«ሲቀቡ እዚህችው ተቀምጬ ነበር» አሉ። «እኔስ ልጠይቅ ፈራሁ፤ ቀለም የያዘን ሰው ማን ደፍሮ ይጠይቃል? እነሱ ግን አነጋግረውኛል እኮ፤ ውኃ ጠምቶን ነው አሉኝ፤ ቀድቼ ሰጠኋቸው።»