በጭነት መኪና ላይ የተማለ ሰማንያ

ልጅ እያለሁ ከጣርማ በር እስከ ጀውሃ ድረስ እንደ እኔ ያለች ቆንጆ ሙሽራ አልነበረችም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ምስክር አለኝ። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮብኛል፤ አንዱ ጠያቂዬ ሠላሳ በቅሎ የሚጭን ነጋዴ ነበር። እውነቱ ሲጣራ ግን ሦስት ያልኩት አንድ ጊዜ ነው፤ በቅሎዎቹም ሁለት ነበሩ፤ ሰውየውም ጠጥቶ ነበር። ደግሞም ወንድ ነኝ። ያኔ ገና አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ውበቴ የሚባለውም የእናቴ ነጠላ፣ ከጎረቤት የተዋስነው አሸንክታብና ፊቴን እስከ አገጬ የጋረደው ዓይነ ርግብ ነበር። ከዓይነ ርግቡ ሥር ያለውን አፍንጫ ያየ ሰው እንኳን ሽማግሌ ሊልክ፣ ሰላምታም አያበዛ።

ነገሩ የቴአትር ነው። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሰባት ሰው ያሉት የቴአትር ማኅበር ነበረን። ያቋቋመው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጋሼ ታፈሰ ነው። ጠዋት ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፤ ከሰዓት በኋላ ድርሰት ይጽፋል። ከድርሰቶቹ ውስጥ አዮዲን የማይሸት ወረቀት አልነበረም። ለማየት የሚከፈል ነገር የለም፤ ተመልካቹ በርጩማውን ወይም የሚቀመጥበትን ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ ሲያበቃ ተሸክሞ ይሄዳል። «ሰው በገዛ በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ነው ደፍሮ የሚያለቅሰው» ይል ነበር ጋሼ ታፈሰ።

አዳራሽ አልነበረንም፤ መድረካችን የጭነት መኪና ነው። ባዷቸውን ወደ አሰብ የሚወርዱ ሾፌሮች ሮቢት ላይ ምሳቸውን ይበሉና ሙቀቱ እስኪበርድ ጥላ ሥር ይተኛሉ። እስኪነቁ ድረስ ካሶኒውን፣ ዕቃ የሚጫንበትን የኋላውን ክፍል፣ ያውሱናል። እኛም የካሶኒውን ጎን አውርደን፣ ከኋላ ሸራ ወጥረን፣ በናፍጣና በገበያው የሽንኩርት ሽታ መሐል ዓለምን እናሳያለን። ስለዚህ የቴአትራችን ርዝመት የሾፌሩ እንቅልፍ ያህል ነበር። ቁርጥ የበላ ሾፌር ከገጠመን አምስት ገቢር እንጨርሳለን፤ ሽሮ የበላ ከሆነ አንዷንም በሩጫ ነው። አንድ ጊዜ ሾፌሩ ድንገት ነቅቶ ሞተሩን ሲያስነሳ ሁላችንም ዘለን ስንወርድ፣ ሬሳ የሆነው ተዋናይ «የሞተ ሰው አይነሳም» ብሎ እንደተጋደመ ጀውሃ ድረስ ተወስዷል። በአህያ ነው የተመለሰው።

አትሳቁ፤ ያ ማኅበር ሥራ ሠርቷል። የወባ መድኃኒት ረጪዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ ገበሬው በሩን ይዘጋባቸው ነበር። ልብስ ሰፊው ዘነበ የወባ ትንኝ ሆኖ፣ ከጥቁር ገበርዲን ክንፍ ሰፍቶ ከተጫወተ በኋላ ግን የወረዳችን የቀወት ሰው ራሱ «መቼ ነው የምትረጩልን?» ማለት ጀመረ። በበቅሎ ወጥተን አሊዩ አምባ ገበያ ላይ ስናሳይማ አንድ አርጎባ ሽማግሌ «አላህ ይያዝህ! ሁለት ልጆቼን የበላኸው አንተ ነህ!» ብለው ዘነበን በከዘራ አሉት። ሁለት ሳምንት አነከሰ። ኒሻን የተሸለመ ነበር የሚመስለው፤ ደህናውን እግሩን ጭምር ያነክስ ነበር።

ሴት መድረክ ላይ መውጣት ግን ነውር ነበር። ሴት ሲያስፈልግ እኔ እወጣለሁ። ሴትነትን ያስተማረችኝ ዓለሚቱ ናት፤ እኔ እታለም ነበር የምላት። የምግብ ቤት ባለቤቱ የአቶ ተክሌ ልጅ፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ። አባቷ «ከሸራው ኋላ እስከሆነች ድረስ» ብሎ ስለፈቀደላት ቃል ታቀብለን ነበር፤ የተረሳውን በሹክሹክታ ትነግረናለች። ሁላችንም የምንለውን በቃሏ ታውቃለች። «ቀስ በል፣ ሙሽራ እንደ ፖስተኛ አትሮጥም» ትለኝ ነበር። ታጭታለች፤ እጮኛዋ የባላምባራስ ደምሴ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን መምህርነት የሚማር ነው። ከተጋቡ በኋላ ትምህርቷን እንድትቀጥል ተስማምቶ መጻሕፍት ይልክላት ነበር። ደብዳቤው ሲደርሳት ከድርሰቱ ወረቀቶች መሐል ታስቀምጠዋለች። አንዳንዴ ቃል ሲጠፋን ዝም የምትለን ለዚያ ነበር፤ የተሳሳተውን ወረቀት እያነበበች።

እኔ ሙሽራ የምሆንበት ቴአትር ያለ ዕድሜዋ ስለምትዳር ልጅ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰርጉ አለ፤ በሰማንያ ነው የምንጋባው። ያኔ ሰማንያ ማለት ለማታውቁት ልንገራችሁ፦ ወንዱ በምስክር ፊት «ንጉሥ ይሙት፣ ሚስቴ ናት» ይላል፤ ሴቲቱ «ንጉሥ ይሙት፣ ባሌ ነው» ትላለች፤ በቃ፣ ተጋብተዋል። በንጉሥ ስም ተምሎ ያለ ዳኛ የሚፈርስ ነገር የለም። በቴአትሩ መጨረሻ አስተማሪዋ መጥታ ጋብቻውን በዳኛ ታስፈርስና ሙሽሪት ደብተሯን ይዛ ትመለሳለች። እኔና ባሌ የሚሆነው ዘነበ ይህን መሐላ ምናልባት አሥር ጊዜ ምለናል፤ ሕዝቡ በሳቅ ይንፈራፈር ነበር እንጂ ማንም ቁም ነገር አላለውም።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ የሚጀምረው። ትምህርት ቤት ልጆቹ «ሙሽሪት» ይሉኝ ጀመር። ግርማ የሚባል ጎረምሳ በክፍሉ ፊት የሽንኩርት ቅጠል እንደ ዓይነ ርግብ አናቴ ላይ ደፍቶብኝ «እልል በሉላት!» አለ። አለቀስኩ። በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር፤ እኛም የምናሳይበት። ጠዋት በዚያ ሮቢት በሚባል ምጣድ ላይ ሁለት ጋቢ ደርቤ ተኛሁና ተንቀጠቀጥኩ። በቆላ የተንቀጠቀጠን ልጅ ወባ ነው ከማለት በቀር ሌላ የሚጠረጥር የለም። ጋሼ ታፈሰ ራሱ መጥቶ ግንባሬን ዳሰሰ፤ ከሁለት ጋቢ ሥር የወጣ ግንባር እሳት ነበር። «አይዞህ የኔ አንበሳ» ብሎ እሬት የሚያስንቅ ክኒን አዋጠኝ። ከተወንኩት ሁሉ የተዋጣልኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ሙሽራ ጠፋ፤ ገበያው በርጩማውን ይዞ ተቀምጧል፣ ሾፌሩም ተኝቷል። ቃሉን የሚያውቅ ከእታለም በቀር የለም። «ፊቴ ተሸፍኖ የለ? ማን ያውቀኛል? እኔ እወጣለሁ» አለች አሉ። ጋሼ ታፈሰ እሺ አለ። እኔ እናቴ ገበያ ስትወጣ ከጋቢው ሾልኬ የገበያው አጥር ሥር ተደብቄ ነበር፤ በዓይኔ አየኋት። ስትወጣ ሕዝቡ እንደ ልማዱ ሳቀ። ሁለት እርምጃ ስትራመድ ሳቁ ቆመ። መሐላው ላይ ስትደርስ «ንጉሥ ይሙት… ባሌ ነው» አለች። የዚያ ሁሉ ገበያ አህያ እንኳ ያልጮኸ መሰለኝ። አጠገቤ አጥሩን የተደገፈች ሽንኩርት ሻጭ ታለቅስ ነበር። እኔን አይቶ ያለቀሰ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ይኼኔ ሾፌሩ ነቃ። ምን በልቶ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ሞተሩ ተነሳ፣ ሁሉም ዘለለ፤ እታለም ስትዘል ዓይነ ርግቡ በካሶኒው ብረት ተይዞ ቀረ። ፊቷ ታየ። አስተማሪዋ የምትመጣበት፣ ጋብቻው የሚፈርስበት ክፍል ሳይታይ መኪናው ሄደ። ገበያተኛው ያየው አንዲት የታወቀች ልጅ በንጉሥ ስም ምላ ስትዳር ብቻ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዋርካው ሥር ሸንጎ ተቀመጠ። የእጮኛዋ አባት ባላምባራስ ደምሴ ነበሩ የተነሱት።

«የንጉሥ ስም የቀልድ ነው እንዴ? የሰው ሚስት ለልጄ አላመጣም።»

«ኧረ ባላምባራስ፣ ጨዋታ እኮ ነው!» አለ ጋሼ ታፈሰ። «ያ ልጅ ስንቴ ምሏል፤ ዘነበን አገባ ያለው አለ?»

«ልጁማ ወንድ ነው። ወንድ ለወንድ ቢምል ለዶሮም ወሬ አይሆን። እሷ ሴት ናት፣ ዘነበ ወንድ፣ ምስክሩ ገበያ ሙሉ ሕዝብ። ፈርሷል ያለ ማን ነው? ሲፈርስ ያየ ይቁም!»

የቆመ የለም። ያየ አልነበረማ።

ዘነበ «ጌቶቼ፣ እኔ ሦስት ልጆችና አንዲት ክፉ ሚስት አለችኝ፤ ሁለተኛዋን በምን ልቻል?» ቢል ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ባላምባራስ አልሳቁም። እታለም አባቷ ጀርባ በነጠላዋ ተከናንባ መሬት መሬቱን ታያለች። በመጨረሻ የደብሩ ቄስ፣ መምሬ፣ መላ አመጡ።

«የሰው ቃል የተናገረ፣ ቃሉ የባለቤቱ ነው» አሉ። «ልጁ ይምጣ። እዚህ መሐል ቁሞ ‹ሙሽራዋ እኔ ነኝ፣ እሷ በእኔ ቦታ ተናገረች› ይበል። መሐላው የልጁ ይሆናል፤ የልጅ መሐላ ደግሞ ነፋስ ነው። ባላምባራስ፣ ይበቃዎታል?»

ባላምባራስ ጢማቸውን አሻሹ። «ካለ ይበቃኛል» አሉ። እታለም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

እኔ ከበላያቸው ነበርኩ። የትምህርት ቤቱ ልጅ ሁሉ ዋርካው ላይ እንደ ዝንጀሮ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እኔም መሐላቸው። ግርማ ከጎኔ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ «ውረጂ እንጂ ሙሽሪት፣ ባልሽ ይጠራሻል» አለኝ፤ ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ፈነዱ። ጋሼ ታፈሰ ስሜን ጠራ። ደግሞ ጠራ። ሦስተኛም ጠራ፤ ከዚያ «ልጁ ወባ ይዞታል፣ ከአልጋው አልተነሳ ይሆናል» አለ፤ ሊሸፍንልኝ ነው እንጂ፣ እንዳልታመምኩ ያኔ ገብቶት ነበር ይመስለኛል። ቅጠሉን ፊቴ ላይ ሰበሰብኩ። ከእኔ እስከ መሬት አራት ክንድ አይሞላም ነበር። እንደ ልማዴ ብነግራችሁ ሃያ ክንድ ነበር እላለሁ፤ አልነበረም።

ዓለሚቱና ዘነበ አጥቢያ ዳኛ ፊት ቀርበው ተፋቱ። ሳታገባ ፈት ሆነች። እጮኛዋ መጻሕፍቱን በሰው አስመልሶ ወሰደ፤ ሁለቱን ገና አላነበበቻቸውም ነበር። በወሩ አባቷ አንድ ዘመድ ዘንድ፣ ደሴ ይሁን አሰብ ማን ነግሮን፣ ላካት። ጋሼ ታፈሰ ሸራውን አጥፎ የጤና ጣቢያው መጋዘን ውስጥ አስገባው፤ ሌላ ድርሰትም አልጻፈ። ለሁለት የገበያ ቀን ሰዉ በርጩማውን ይዞ እየመጣ፣ ባዶውን መኪና ጥቂት አይቶ፣ በርጩማውን ይዞ ተመለሰ። ሦስተኛው ገበያ ላይ ማንም አላመጣም።

አሁን ሁሉ ሌላ ነው። በየቡና ቤቱ ቴሌቪዥን አለ፤ በየሳምንቱ አንዷ ትዳራለች፣ ሌላዋ ትፈታለች፣ ሙሽሮቹ እውነተኛ ሴቶች ናቸው፣ የማንም እጮኛ መጽሐፍ አያስመልስም። ሰዉም ድንጋይ ተሸክሞ አይመጣም፤ ሲያለቅስም አላየሁ። አምና ከደሴ ስመለስ መኪናችን ጀውሃ ላይ ለምሳ ቆመ። የገባሁበት ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ ሙሽራ ነበረች። የቤቱ ባለቤት ሽበታም ሴት ናት፤ ሳህኑን ፊቴ አስቀምጣ እሷም ወደ ላይ ታያለች።

«ይቺ ልጅ ቸኮለች» አለች። «ሙሽራ እንዲህ አትሄድም።»

«እትዬ ደግሞ፣ ሁሉን ያውቃሉ!» አላት አንድ ረዳት ከጥግ።

«አዎ፣ አውቃለሁ! በጃንሆይ ጊዜ ተጫውቻለሁ። አንድ ቀን ብቻ፤ መኪና ላይ። ያ ሁሉ ሰው እንዴት ጸጥ ብሎ እንዳየኝ አንተ ብታይ ኖሮ!» ሳቀች። ሳቋን ወዲያው ነው ያወቅኩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ፊቴን አጤነችው፤ መላጣና ቦርጭ ካልሆነ በቀር ብዙም የተጨመረበት የለም።

«የሮቢት ሰው ይመስሉኛል» አለችኝ። «የማን ልጅ ነዎት?»

የደብረ ሲና ሰው ነኝ አልኳት። ስሜንም ጠየቀችኝ። የወንድሜን ስም ነገርኳትና እንጀራዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።