ለእንግዳ የማይቆጠሩ ልጆች

«ልጆቼን ያጎደልሽብኝ አንቺ ነሽ።»

እትዬ ብርቄ ይህን ያለችኝ እሑድ ከሰፈር ስብሰባ ስንወጣ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ስብሰባው ላይ የተነገረን፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተይዞ የነበረው ቦታ የከባድ መኪና ማቆሚያ ሊሆን መሆኑን ነው። የረጅም ጊዜው የሕዝብ ትንበያ እዚህ አካባቢ የሚወለደው ልጅ እያነሰ ይሄዳል ይላል። ስለዚህ ለማይኖር ልጅ ትምህርት ቤት አይሠራም ተባለ። ዕቅዱ ዓርብ ይፈረማል።

እኔ እዚህ ውስጥ እንዴት ገባሁ? አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ፣ በኮንትራት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ታብሌት ይዤ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። ሴቶቹን የምጠይቀው ስንት ልጅ እንደወለዱ ነበር። እትዬ ብርቄ «ሁለት» አለችኝ፤ ሁለት ብዬ አስገባሁ። አራቱ ልጆቿ እዚያው አጠገባችን አፈር ይጫወቱ ነበር።

ሁለት ያልሽው ራስሽ ነሽ ብዬ መለስኩላት።

«ታብሌት ለያዘ ሰው ልጅ ይቆጠራል እንዴ? ሌላው ባያውቅ፣ አንቺ እዚሁ አይደል ያደግሽው።»

እውነቷን ነው። እኛ ጋ ልጅን ለእንግዳ መቁጠር ዓይን ያስገባል ተብሎ ይፈራል፤ እናት ስንት አለሽ ስትባል ቀንሳ ነው የምትናገረው። ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ሕፃንማ ጭራሽ አይወሳም። ወንዱ አርባ ቀን፣ ሴቷ ሰማንያ ቀን ካልሞላቸው ስም የላቸውም፤ ስም ከሌላቸው ደግሞ እንዳልተወለዱ ናቸው። ይህን ማንም ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ። ሥልጠናው ላይ ግን የተነገራችሁን ጻፉ ተባልን፣ የተነገረኝን ጻፍኩ፣ አበሌን ተቀበልኩ።

ለእትዬ ብርቄ ነገሩ የወረቀት አይደለም። ትልቁ ልጇ ወደ ማዶው ትምህርት ቤት ሲሻገር የከባድ መኪናው መንገድ ላይ ተገጭቶ እስካሁን ያነክሳል። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የምትገባው ሴት ልጇ ኬና ናት፤ የምትሻገረውም ያንኑ መንገድ ነው። ትንበያውን የሠራው ቢሮ ድረስ ሄጄ ቁጥሩ ጎዶሎ መሆኑን ልነግራቸው የቆረጥኩት ለዚህ ነው፤ ለእትዬ ብርቄም ነገርኳት።

ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ አቃቂ በሰቃ

ከቤት ስወጣ እናቴ የት ነው አለችኝ፤ ሥራ ፍለጋ አልኳት። ብየዳ ቤቶቹ በራቸውን እየከፈቱ ነበር። የማታው ዝናብ መንገዱን ጭቃ ስላደረገው ባጃጁ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዘለለ እስከ ዋናው መንገድ ሃያ ብር አስከፈለኝ። የታክሲው ሰልፍ የብረታ ብረቱ ፋብሪካ አጥር ድረስ ተጠማዟል። አርባ ደቂቃ ቆሜ አንድ ሚኒባስ ላይ አራተኛ ሆኜ ለሦስት በተሠራ ወንበር ተቀመጥኩ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ፣ ሁላችሁም ቀጫጭን ናችሁ» እያለ አምስተኛ ጨመረብን።

ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነበረች፤ ቃሊቲ ነው የምትወርደው። መንገዱ ስለተቆፋፈረ ተሳቢዎቹ በአንድ መስመር ተደርድረው እኛ በአቧራቸው ውስጥ እንጎተታለን፣ ወሬ ደግሞ ጊዜ ያሳልፋል። ልጅ እንዳላት ጠየቅኳት፤ የሙያ በሽታ ሆኖብኛል። አንድ አላት። ሁለተኛውን ታስቢያለሽ ወይ ስላት በመስኮት እያየች፣ ሆዷ ከገፋ ማሽኑ ላይ የሚተኳት ሴቶች በር ላይ ቆመው እንደሚጠብቁ ነገረችኝ። ከዚያ ደግሞ ሳቅ አለችና፣ «ባሌ ሌላ ልጅ ሲለኝ፣ አንተ አርግዝና እኔ ዓመት ፈቃድ ልሙላልህ እለዋለሁ» አለች። ሳቅን። ስትወርድ ግን ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

4 ሰዓት ተኩል፣ ቢሮው

ሳሪስ ወርጄ ሌላ ታክሲ ይዤ፣ ከዚያም ሩብ ሰዓት በእግሬ ሄጄ ደረስኩ። ጥበቃው መታወቂያዬን ያዘ። አሳንሰሩ ስለማይሠራ አራት ፎቅ ወጣሁ። ትንበያውን ከሠሩት አንዱ የሆኑት ባለሙያ ጠና ያሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ያባርሩኛል ብዬ ነበር፤ ወንበር ሳቡልኝ።

ኮምፒውተራቸውን ወደ እኔ አዞሩት። ከአንድ ነጥብ የሚነሱ ሦስት መስመሮች ወደ ቀኝ እየሄዱ ይለያያሉ፤ ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ግምት ናቸው። መስመሮቹን የሚለያያቸው በዋናነት አንድ ነገር ነው አሉኝ፤ አንዲት ሴት በዕድሜዋ ስንት ልጅ ትወልዳለች ተብሎ የሚያዘው ቁጥር። የወሊድ ምጣኔ ይሉታል። ከእሱ ላይ ግማሽ ልጅ ቢቀነስ፣ እኔ አሮጊት በምሆንበት ጊዜ አንድ ሙሉ ከተማ እንደሚጎድል አስረዱኝ። ግማሽ ልጅ እንዴት ይወለዳል አልኳቸው። አይወለድም፣ ሲካፈል ነው የሚመጣው አሉኝ።

ስለማይቆጠሩት ልጆች ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ዓይኑ፣ ስለ አርባውና ሰማንያው፣ አፈር ሲጫወቱ እያየኋቸው ሁለት ብዬ ስላስገባኋቸው አራት ልጆች። አላቋረጡኝም፤ እንዲያውም ማስታወሻ ያዙ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

«ለእናንተ አካባቢ ዝቅተኛው ግምት ልክ ነው ብለን ያጸናነው በእናንተው መረጃ ነው» አሉኝ። ግምቱ ቀድሞ ተይዞ ነበር። መረጃው መጥቶ ሲገጥም ማንም ለምን ገጠመ ብሎ አልጠየቀም።

ታዲያ አስተካክሉት አልኩ። ትንበያው ተጠናቆ ከእጃቸው ወጥቷል፤ በእሱ ላይ የሚያቅዱት ሌሎች ናቸው፤ የአንድ ሰፈር ጉድለት ደግሞ የአገርን መስመር አያነሳውም አሉኝ። እንደገና የሚሠራው መቼ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ቀጣዩ የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ ነው አሉ። እሱስ መቼ ነው ስላቸው ሁለት እጃቸውን ከፈት አደረጉ።

ተናደድኩ። የእትዬ ብርቄ ልጅ እግር የትኛው መስመር ላይ እንዳለ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። ወዲያው እኔው አፈርኩ። ከዚያ ለስድብ ሳይሆን ከልብ ለማወቅ በሚመስል ድምፅ ጠየቁኝ።

«አንቺስ? ስንት እወልዳለሁ ትያለሽ?»

ሌላውን ስጠይቅ ከርሜ እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አንድ ክፍል ውስጥ ከእናቴና ከሁለት ወንድሞቼ ጋር ነው የምተኛው። አልጋ የሚዘረጋበት ቦታ የለም፣ ልጅ የት ላስቀምጥ?

«አንድም» አልኩ።

«ጓደኞችሽስ?»

«እነሱም እንደኔ ናቸው።»

«እንግዲህ መስመሩን ወደ ታች የሚጎትቱት እነዚህ መልሶች ናቸው፤ እኔ አይደለሁም» አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም። እስከ ደረጃው ሸኙኝ።

ደረጃውን ስወርድ ራሴ አካፈልኩት። እትዬ ብርቄ አራት፣ እኔ ዜሮ፤ ለሁለት ሲካፈል ሁለት። ዓይን ፈርታ የነገረችኝ ሁለት ከሒሳቡ ሁለት ጋር ልክ ገጠመ። እኔ ባልወለድኳቸው ልጆች የእሷ አራቱ ሁለት ሆኑ።

8 ሰዓት፣ ሳሪስ

አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ፍርፍር አዘዝኩ። መቶ ሠላሳ ብር። ግማሹን ተውኩት። ፊት ለፊቴ የሕፃናት ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ነበር፤ ተሰቅሎ ፀሐይ ያደበዘዘው ትንንሽ ቀሚስ ሞልቶታል። ባለሱቋ ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። በመልሱ ሚኒባስ ከማንም ጋር አላወራሁም። የአቃቂ ወንዝ ሽታ ከድልድዩ በፊት ነው ሰውን የሚቀበለው፤ ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ፣ እኔ አልያዝኩም። ለእትዬ ብርቄ የምነግራትን ቃል በቃል እያዘጋጀሁ ነበር። ትምህርት ቤቱ አይሠራም። ኬናን ማዶ አስመዝግቢያት። ጠዋት ጠዋት የሚያሻግራት ሰው ፈልጊ። አለቀ።

10 ሰዓት ተኩል፣ ቱሉ ዲምቱ ጀርባ

የእትዬ ብርቄ ቤት የሚገኘው ከኮንዶሚኒየሙ አጥር ወዲያ፣ ድሮ ጤፍ ይዘራበት ከነበረው ማሳ በቀረችው ጥግ ላይ ነው። ደጁ ላይ ሰባት ስምንት ሴቶች ተቀምጠው አገኘሁ። መሃል ላይ ያ የሚያነክሰው ልጇ ደብተር ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል።

እትዬ ብርቄ ጠዋት ስሄድ ካየችኝ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ አልተቀመጠችም። በየቤቱ እየገባች፣ አንዳንዷን እየለመነች፣ አንዳንዷን እየተቆጣች ስታስቆጥር ነው የዋለችው። ደብተሩን አነሳሁት። የእናት ስም፣ ከሥሩ የልጆች ስም። አንዳንዱ ቦታ ስም የለም፤ «ወንድ፣ በሃያ ቀኑ»፣ «ሴት፣ በሁለት ወሯ» ይላል። ሦስት ገጽ ሞልቷል።

በትር ተደግፈው የተቀመጡት እማማ ጥሩነሽ ቀና ብለው አዩኝ። የመጨረሻ ልጃቸው ራሷ አያት ሆናለች፤ መጠይቁ የወሊድ ዕድሜዋ ያለፈ ሴትን ስለማያነሳ እሳቸውን የሚጠይቅ የለም።

«እኔም ስም ሳይወጣላቸው የሞቱትን ሦስቱን አስጻፍኩ» አሉኝ። «ለባሌም ሦስት ናቸው ብዬው አላውቅ። ለንስሐ አባቴም።»

«ደግ አደረጉ፣ እማማ» አልኳቸው።

እትዬ ብርቄ ገጹን ገልጣ የራሷን በጣቷ አሳየችኝ። አራቱ በስማቸው አሉ። ከሥራቸው አምስተኛ መስመር አለ፤ «ሴት» ብቻ ይላል። ኬና መጥታ እናቷ ቀሚስ ላይ ተንጠልጥላ እኔን ታያለች።

«ይኸው። ምንም አልደበቅንም» አለች እትዬ ብርቄ። «ይበቃል?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይበቃል» አልኳት።

«ዓርብ ሳይደርስ አድርሺው እንግዲህ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ካዘጋጀሁት አንዱንም ሳልነግራት እሺ አልኩ። ደብተሩን ብብቴ ሥር ይዤ በአጥሩ ጥግ ወደ ባጃጅ ማቆሚያው ሄድኩ።